አንድ ፌስታል ደረሰኝ፦ ከካዛንቺስ እስከ ገላን ጉራ የሰባት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጅማ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የነነዌ ጾም የገባበት ዕለት ስለነበረ አውቶቡሱ ወልቂጤ ላይ ለቁርስ ሲቆም ከተሳፋሪው ግማሽ ያህሉ ከመቀመጫው አልተነሣም፤ እኔም ካልተነሡት ጋር ቁጭ ብዬ የአክስቴን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። አክስቴ ያሳደገችኝ ካዛንቺስ በነበረ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ኖራ፣ ሰፈሩ በዚህ ዓመት ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር በከተማው ደቡብ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተዛወረች። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ "የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ና፤ ወረቀቶቼን የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለችኝ። ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ተምራ የተሰጣትን የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። የፈለገችው ወረቀቱ ምን እንደሚሰጣትና ምን እንደሚነሣት የሚነግራት ሰው ነው። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ለእሷ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ነው።

ተፍኪን ካለፍን በኋላ የታጨደው የጤፍ ማሳና የከተማው ቤት እየተቀላቀለ ይሄዳል። በአንድ ማሳ መካከል ሦስት ቤት ይታያል፤ ቀጥሎ በሽቦ የታጠረ ባዶ መሬት፣ ከዚያ ደግሞ የድንጋይ መሠረቱ ወጥቶ አረም የዋጠው ጅምር። ሰበታና ዓለም ገና አካባቢ በአንዳንድ አጥሮች ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረ የመስቀለኛ ምልክት አየሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ በዚህ ዙሪያ ብዙ ቤት መፍረሱ ይታወሳል፤ ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ምልክቱን አይተው ያሉት ነገር ቢኖር "ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው ሌላ ቦታ ጀምሯል" የሚል ብቻ ነበር። አየር ጤና ወርጄ እዚያው አካባቢ በሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የታክሲው ረዳት አሁንም "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" እያለ ይጣራል። ከቶታል ማዞሪያው ወርጄ በለመድኩት አቅጣጫ ስሄድ እግሬ ያውቀው የነበረው ቅያስ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል፣ መብራቱም ሆነ ንጽሕናው ለዓይን ደስ ይላል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። የሰፈሩን ጉድጓድና የክረምት ጭቃ አልናፍቅም። ከመንገዱ ጀርባ ግን በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ አለ፤ የእኛ ቤት ከዚያ ሜዳ ውስጥ በየትኛው በኩል እንደነበረ ለማወቅ አንድ ሳይቆረጥ የቀረ የባሕር ዛፍ ፈልጌ፣ ከእሱ እስከ ቦኖው ምን ያህል እርምጃ ይሆን እንደነበር በሐሳቤ ስቆጥር ቆየሁ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራ የጣሊያን ተቋም ነበር፤ የተቋሙ ምኅጻረ ቃል ኢንቺስ ስለነበረ ቤቶቹ ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፣ ሕዝቡም አጣጥፎ ካዛንቺስ አደረገው። ከነዚያ ቪላዎች ጀርባና መካከል ባሉት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ደግሞ በአጠናና በጭቃ የተሠሩ ቤቶች ተደረደሩ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ጠባይዋ እንዲህ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን መኳንንቱ በየኮረብታው ሲሰፍሩ አገልጋዩና ወታደሩ በግቢያቸው ዙሪያ ይሰፍር ስለነበር፣ ሀብታምና ድኻ በአንድ ቅያስ ሲኖሩ ኖረዋል። አክስቴ እንጀራ ትሸጥላቸው የነበሩት ቪላ ቤቶች ከእኛ በር ሃምሳ እርምጃ አይርቁም ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች። ወለሏ መጀመሪያ አፈር፣ በኋላ ሊሾ ሲሆን፣ ግድግዳዋ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የሚለቀለቅ ምርጊት ነበር፤ ኮርኒሷ ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። እኔ ያደግሁት ቆጥ ላይ ነው፤ ተቀምጦ ካልሆነ በቀር ተቁሞ የማይዋልበት፣ ሌሊት የአይጡን ሩጫ በጆሮ ስር የሚሰማበት ቆጥ። ሽንት ቤቱን ለስድስት ቤተሰብ በጋራ እንጠቀም ነበር። በ1989 ዓ.ም. ክረምት ጣሪያው እንደ ወንፊት ሆኖ ስላስቸገረን አክስቴ ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ጠይቃ ለአንድ ጽሕፈት ቤት አመለከተች። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ጥገናው የመንግሥት መሆኑን፣ ለጥገና የተያዘ በጀት ግን አለመኖሩን የሚገልጽ መልስ ተሰጣት። በራሷ ገንዘብ እንድታድሰው ብትጠይቅ ደግሞ የይዞታውን መልክ መለወጥ ክልክል ነው ተባለች።

እንግዲህ ያደረገችው ይህን ነው። ሰባት አዲስ ቆርቆሮ በሁለት ዓመት ቁጠባ ገዝታ አልጋ ስር ደበቀች፤ ከዚያ የጥምቀት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ታቦት ለመሸኘት ጃን ሜዳ በወረደበት ሰዓት፣ አንድ አናጢ ጠርታ አዲሱን ቆርቆሮ አስመታች፤ በአዲሱ ላይ ደግሞ የዛገውን አሮጌ ቆርቆሮ መልሳ አስለበሰችው። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ከዚያን ዓመት በኋላ አላፈሰሰብንም። ሰፈሩ ሲነሣ ሁለቱም ቆርቆሮ አብሮ ሄደ፤ ቤቱ የእሷ ስላልሆነ የጣሪያው ዋጋም የሚታሰብላት አልነበረም።

የዚህ ነገር ሥር ያለው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ የከተማን መሬትና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበርና፣ የተከራየ ሰው ባለቤቱ በተቆጣ ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ የሚወጣ ነበር። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች የነዋሪዎች ማኅበር ለተባለው ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራዩንም ቀነሰ፣ ለዝቅተኛው እስከ ግማሽ። አክስቴ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል፤ አባቷ ባላባቱ ፊት ቆመው ስለ ኪራዩ ሲለምኑ አይታለችና። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ኪራዩ በዚያው ቆመ፤ አንድና ሁለት ክፍል ቤት በአራትና በአምስት ብር ለአርባ ዓመት ያህል ተከራየ። በዚህ ገንዘብ ቀበሌው ሚስማር እንኳ አይገዛም፤ ነዋሪው ደግሞ ሚስማር እንዲመታ አይፈቀድለትም። በብዙ አገር የድኻ ሰፈር የሚበቅለው ሕግ ባልደረሰበት መሬት ላይ ነው ይባላል። የመሐል አዲስ አበባው ግን ሕጋዊ ነበር፤ የቤት ቁጥር፣ ውልና ደረሰኝ ያለው፣ ከመንግሥት የተከራየ ሰፈር። ያረጀውም የማደስ መብት ያለው ሰው ስላልነበረ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከስታዲየም ባቡር ተሳፍሬ ቃሊቲ ወረድኩ፤ ከዚያ በሁለት ታክሲ ገላን ጉራ ደረስኩ። አክስቴ በረንዳ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትወርድ ነገረችኝ። የነነዌ የመጨረሻ ቀን በመሆኑ እስከ 9 ሰዓት ቡና አልተፈላም፤ እስከዚያ ቤቱን አሳየችኝ። ከሁሉ በፊት ያሳየችኝ ሽንት ቤቱን ነው። ቁልፉን ከአንገቷ ክር ላይ አውጥታ፣ "ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የራሴ ሽንት ቤት ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው" አለችኝና ውኃውን ለቅቃ ድምፁን አሰማችኝ። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ዝም አለች። በመስኮቱ የሚታየው ተመሳሳይ ሕንፃ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፌስታሉን አመጣች። ሁለት ጊዜ ታስሮ፣ በውስጡ ሌላ ፌስታል ያለበት ነው። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የከፈለችበትን የኪራይ ደረሰኝ ከነመልኩ ጠብቃዋለች፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ በካርቦን የተጻፈው፣ ማኅተሙ የጠፋው። አብዛኛው ላይ የተጻፈው 4 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዘመናት መካከል የማኅተሙ ስም ተለዋውጧል፦ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ቀበሌ፣ በኋላም ወረዳ። ቀበሌ የሚባለው እርከን ከአዲስ አበባ ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም ቤቱ ግን እስከ መጨረሻው የቀበሌ ቤት እንደተባለ ኖረ። ደረሰኞቹን ምንጣፍ ላይ በየዓመቱ ስደረድራቸው የወለሉን ግማሽ ሸፈኑ፤ በጠቅላላው የከፈለችው ብር ግን ተደምሮ የዛሬን አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም።

ከዚያ አዲሱን ውል አነበብኩላት። ከካዛንቺስ ሲነሡ የግል ይዞታ ያላቸው ካሳና ምትክ ሲሰጣቸው፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ ወይ ኮንዶሚኒየም እንዲገዙ ወይ ሌላ የመንግሥት ቤት እንዲከራዩ ነበር የቀረበላቸው። እሷ ቅድሚያ ክፍያ ስላልነበራት ኪራዩን መርጣለች። "ታዲያ ይህ ቤት የኔ ነው ወይስ የእነሱ?" ብላ ጠየቀችኝ። ውሉ የኪራይ ውል መሆኑን፣ ልትሸጠው ወይም ለባንክ ልታስይዘው እንደማትችል ነገርኳት። "እሱንማ ካዛንቺስም አልችልም ነበር። የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ ስሞት አንተ ትገባበታለህ?" አለች። ለዚህ መልስ የሚሆን አንቀጽ በያዝኩት ወረቀት ላይ አላገኘሁም፤ አላገኘሁም አልኳት።

ከዓመታት በፊት ለሥልጠና ናይሮቢ ሄጄ ኪቤራን አይቼ ነበር። እዚያ ያለው ተከራይ የሚከፍለው ለባለ ቆርቆሮው ነው፤ መሬቱ አብዛኛው የመንግሥት ሆኖ ሳለ በላዩ የሠራው ሰው፣ ራሱ ካርታ ሳይኖረው፣ በየወሩ መጥቶ ኪራይ ይሰበስባል። ያን ጊዜ የእኛ ይሻላል ብዬ ነበር። በኪራይ በኩል ዛሬም ይሻላል እላለሁ፤ ማንም ተነሥቶ አክስቴን በአርባ ዓመት ውስጥ ኪራይ ጨምሪ ወይም ውጪ አላላትም። እንዲህ ያለ ዋስትና በሌላ ከተማ ለድኻ የማይገኝ ነው። ነገር ግን ዋስትናው ቤቱ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ካሬ ሜትር መሬት በመርካቶ አካባቢ በሊዝ ጨረታ ከ300 ሺህ ብር በላይ በተጫረቱባት ከተማ መሐል፣ በ4 ብር ከ50 የተከራየች ሴት የምታጣው ነገር በማንኛውም መዝገብ ዋጋ አልወጣለትም።

የምታጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ምጣዱን ማየት ይበቃል። ካዛንቺስ ሳለች በቀን ስድሳ እንጀራ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለቪላዎቹ ትጋግር ነበር። እዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ጥግ ላይ ቆሞ ልብስ ተቀምጦበታል። ጎረቤቶቿ ሁሉ እንጀራ ጋጋሪዎች ስለሆኑ የሚገዛ የለም፤ ይዛ ወደ መሐል ከተማ ብትሄድ ደግሞ የታክሲው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል።

ማታ ላይ አንዲት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በካዛንቺሱ ቤት ማድ ቤታችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው ደባላችን ናት። ልብስ አጣቢ ናት፤ አሁን ቃሊቲ አካባቢ አንዲት ክፍል በ2,500 ብር ተከራይታለች። በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሟ ስላልነበረ ቤቱ ሲፈርስ እንደሌለች ተቆጥራለች። አክስቴ የጠራችኝ ዋናው ምክንያት ይህ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጀሞ የሚኖረውን የልጅነት ጓደኛዬን ለመጠየቅ ወጣሁ፤ አስቀድሜ ግን ልደታ ወረድኩ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ 26 ሄክታር ያህል ሰፈር ፈርሶ በምትኩ ኮንዶሚኒየምና ቢሮ የተሠራው እዚህ ነው፤ ቀጥሎ አራት ኪሎ ከፓርላማው ጀርባ የነበረው ባሻ ወልዴ ችሎት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ተከተሉ። የልደታ ሕንፃዎች አሁን አርጅተው ቀለማቸው ተላጧል፤ በምድር ቤቱ የቆሎ መሸጫውና የልብስ ሰፊው ሱቅ ሞልቷል። ሰፈር ለመምሰል አሥራ አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል ማለት ነው።

ጓደኛዬ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ከ450 ሺህ በላይ ሰዎች አንዱ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ደረሰው፤ ሃያ በመቶውን ዕቁብ ጥሎ፣ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ከፈለ፤ ሰማንያ በመቶውን ባንክ አበደረው። ከዚያ ወርኃዊ ክፍያውን ከብየዳ ሥራው ደመወዝ ጋር ሲያስተያየው አልገጥም አለው። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ አደረገ፤ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ፣ በኪራዩ ዕዳውን እየከፈለ፣ እሱ ከነቤተሰቡ ለቡ አካባቢ በአንዲት ጭቃ ቤት ተከራይቶ ኖረ። ለድኻ የተሠራው ቤት ለመካከለኛው ነዋሪ ደረሰ እየተባለ የሚወቀሰው በዚህ ነው፤ ወቀሳው እውነት ነው፣ ይሁንና ጓደኛዬን ሳየው የሚያልቀው እዚያ ላይ አይደለም። ቤቱ ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ጊዜ ጨረሰ፤ ደላላ ሲጎተጉተው አልሸጠም፤ በ2012 ዓ.ም. ገባበት፤ ካርታውን አስይዞ ተበድሮም ከሁለት ሠራተኞች ጋር የራሱን የብረታ ብረት ቤት ከፍቷል።

"ካርታ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ?" አለኝ የበሩን ብረት እየሞረደ። "ዘጠኝ ዓመት ጭቃ ቤት ውስጥ መጠበቅ ለቻለ ሰው ነው። መጠበቅ ያልቻለው ጎረቤቴ በአራተኛው ዓመት በውክልና ሸጦ ሄደ።" አክስቴ አልተመዘገበችም ነበር። በዕጣው ከመቶ ሠላሳው ለሴቶች እንደተመደበ ሰምታለች፤ ነገር ግን የሃያ በመቶው ቁጠባ የት ይገኛል ብላ ተወችው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ከደባላችን ጋር አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ስሙን አልጽፍም። ሦስት ሰዓት ላይ ወረፋ ይዘን ስምንት ሰዓት ገባን። ሠራተኛው ትሑት ወጣት ነው፤ አላመናጨቀንም። የኪራይ ውል አለሽ? የለኝም። በስምሽ የተከፈለ መብራት ወይም ውኃ? ቆጣሪው አንድ ነበር። በግቢው ምዝገባ ጊዜ የት ነበርሽ? ልብስ እያጠብኩ። "እንግዲህ እዚያ መኖርሽን የሚያሳይ ሰነድ ካለ አምጪ" ብሎ አሰናበተን። ዝናብ ያልዘነበበት ደረቅ ቀን ነበር፤ ሳንነጋገር እስከ ታክሲ ተራ ሄድን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የጓደኛዬ የሚስቱ ወንድም ግንበኛ ነው። ከሐና ማርያም ወዲያ፣ ከተማው ወደ ማሳው በሚያልቅበት በኩል የሠራውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ብሎኬቱ የጸዳ፣ መስኮቱ ብረት፣ ግቢው ውስጥ ጎመንና ኮክ የተተከለበት ቤት ነው። ካርታ የለውም። ጨረቃ ቤት የሚባለው ይህ ነው፤ በአንድ ሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ደንብ አስከባሪ ሳይደርስ ጣሪያው ስለሚመታ የወጣለት ስም ነው። የእሱ ግን በአንድ ሌሊት የተሠራው የመጀመሪያዋ ክፍል ብቻ ናት፤ ሌላው በስድስት ዓመት ቀስ እያለ የተጨመረ ነው።

መሬቱን የገዛው ከአንድ ገበሬ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሽያጭ የሚል ቃል የለም። ሰነዱን አውጥቶ አሳየኝ፤ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ገበሬው ከእሱ ገንዘብ እንደተበደረና ዕዳውን እስኪከፍል ቦታውን እንደለቀቀለት ይናገራል፤ ሦስት ሽማግሌዎች በአውራ ጣታቸው ፈርመውበታል። ዕዳው የማይከፈል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ገበሬው ለምን እንደሚሸጥም ሲገልጽልኝ ነገሩ ከክፋት የራቀ ነው፤ ከተማው መምጣቱ ካልቀረ፣ መሬቱ ሲወሰድ ከሚሰጠው ካሳ ከግንበኛው የሚያገኘው ይበልጥበታል፤ ደግሞም በእጁ ይቆጥረዋል።

ሰነድ አልባ ይዞታ ካርታ የሚያገኝበት በር አልፎ አልፎ ይከፈታል። መጀመሪያ እስከ 1988 ዓ.ም. ለተያዙት፣ በኋላም በ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ ላይ ለሚታዩት ቤቶች አሠራር ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር የአየር ፎቶ የሚለው ቃል እንደ ፍርድ ቤት ቃል ይነገራል፤ ጣሪያ በአውሮፕላን ዓይን የታየ ሰው ድኗል፣ ያልታየ አልዳነም። ግንበኛው ከ1997 በኋላ የሠራ ስለሆነ ቀጣዩን በር ይጠብቃል፤ እስከዚያው የመብራት ደረሰኝ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ካርድ፣ የዕድር መዋጮ ደብተሩን በአንድ ካኪ ፖስታ ያጠራቅማል። ፖስታውን ሳየው የአክስቴ ፌስታል ትዝ አለኝ።

ቤቱን ዞሬ እያየሁ ያሰብኩት የጥምቀቱን ቆርቆሮ ነው። አክስቴ ሕጋዊ ውል ይዛ በስርቆት ጣሪያዋን አደሰች፤ ይህ ሰው ምንም ሕጋዊ ሰነድ ሳይኖረው በጠራራ ፀሐይ በረንዳ ይሠራል። አንዱ ቤት ነገ ሊፈርስ ይችላል፣ ሌላውም ፈረሰ። ልዩነቱ ግንበኛው ያፈሰሰውን ሲሚንቶ የራሴ ነው ብሎ ማፍሰሱ ነው፤ ሊገርመኝ የሚገባው አደጋውን አለመፍራቱ መስሎኝ ነበር፣ ስጠይቀው ግን ሌሊት ሌሊት የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር እንደሚነሣ ነገረኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

የካዛንቺሱ ዕድር የመጨረሻ የጋራ ስብሰባውን ዛሬ አደረገ። አባላቱ ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ስለተበተኑ አንድ ሰው ቢሞት ድንኳን ለመትከል ግማሽ ቀን መጓዝ ሊያስፈልግ ነው። የተሰበሰቡት በገላን ጉራው ሕንፃ ሥር፣ አጀንዳውም ንብረት ክፍፍል ነው፦ ሁለት ድንኳን፣ ዘጠና ወንበር፣ አምስት ብረት ድስት፣ ሦስት መቶ ገደማ የብርጭቆና የሲኒ ዕቃ። ዳኛው፣ የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል፣ ዕቃውን ከመቁጠራቸው በፊት፣ "ይህ በማንም ስም ያልተመዘገበ፣ የሁላችንም የሆነ ንብረት ነው፤ ስለዚህ የሚያጉረመርም ካለ ከመቆጠሩ በፊት ያጉረምርም" አሉ። አንዲት ሴት ትልቁ ብረት ድስት ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም ብላ ተነሣች፤ ክርክሩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመጨረሻ ድስቱ እዚሁ ቀረና በምትኩ ሃያ ወንበር ተሰጠ።

ቆጠራው ሲያልቅ አክስቴ ተነሥታ የአባላት መዝገቡ እንዲገለጥ ጠየቀች። ጸሐፊው ወፍራሙን ደብተር አምጥቶ በጣቱ እየወረደ ፈለገና አገኘው፤ ደባላችን ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ተመዝግባ፣ በየወሩ መዋጮዋን ከፍላ፣ እናቷ በሞተች ጊዜ ዕድሩ ለገጠር የሚሆን ገንዘብ ሰጥቷት ፈርማለች። ከስሟ ፊት ለፊት "በእነ እትዬ ግቢ፣ ማድ ቤት" የሚል አድራሻ በእርሳስ ተጽፏል። መንግሥት ያላወቃትን ሴት ዕድሩ ከነማድ ቤቷ መዝግቧታል።

ጸሐፊው ለጽሕፈት ቤቱ የሚሆን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። የምትኖርበት ሲል ብዕሩን አነሣና፣ "አሁን ያለችበትን ልጻፍ ወይስ የነበረችበትን?" ብሎ ዳኛውን ጠየቃቸው። ዳኛው ጥቂት አሰቡና ሁለቱንም እንዲጽፍ አዘዙት። ማኅተሙ ደርቆ ስለነበር ሁለት ጊዜ እፍ ብሎ ሲመታው የክቡ ግማሽ ብቻ ወጣ፤ አጠገቡ ደግሞ መታው፣ ያን ጊዜ ሌላው ግማሽ ወጣ። አክስቴ ደብዳቤውን ነገ ከመሄዴ በፊት ፎቶ ኮፒ እንዳስነሣላት ነግራኝ፣ አራት አጥፋ፣ ፌስታሉ ውስጥ ከደረሰኞቹ ላይ አስቀመጠችው።